የዓለም ገበያና የደጋው ገብስ አምራች
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

የዳባት፣ የደባርቅና የሰሜን ተራሮች ግርጌ ገበሬ ገብሱን የሚሸጠው በአካባቢው ሳምንታዊ ገበያ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ገበያ የሚቆረጠው ዋጋ በገበያተኛው ብቻ የሚወሰን አይደለም። የዩሪያ ዋጋ በባሕር ማዶ ይወሰናል፤ የብር ምንዛሪ በአዲስ አበባ ይለወጣል፤ የቢራ ገብስ ፍላጎትም ከውጭ ኩባንያዎች ጋር ተያይዟል። የዓለም ዋጋ ገበሬው በሚገዛው ዕቃ በኩል ሲመጣ በሙሉ፣ በሚሸጠው በኩል ሲመጣ ግን ተቀንሶ የሚደርሰው ስለ ምን እንደሆነ፣ ማኅበራትም ምን ማድረግ እንደሚችሉ በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን።

1. የከተማና የገጠር ልዩነት

በመንግሥት የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት መሠረት በ1997 ዓ.ም. ከድህነት መሥመር በታች የነበረው ሕዝብ በገጠር 39.3 ከመቶ፣ በከተማ 35.1 ከመቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የገጠሩ ወደ 25.6፣ የከተማው ወደ 14.8 ከመቶ ወርዷል። ድህነት በሁለቱም በኩል ቀንሷል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ከ4 ነጥብ ወደ 11 ነጥብ ገደማ ሰፍቷል። ለዚህ መንገድ፣ ትምህርትና የከተማ ግንባታ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም የውጭ ንግድና የውጭ ካፒታል አስቀድመው የሚያርፉት ባንክ፣ መጋዘንና ፋብሪካ ባለበት ከተማ በመሆኑ፣ ወደ ገጠር የሚደርሰው በብዙ እጅ ካለፈ በኋላ ነው።

2. በማዳበሪያ በኩል የሚመጣው

አገራችን እስካሁን ማዳበሪያዋን ከውጭ ገዝታ በጅቡቲ ወደብ ታስገባለች። በዓለም ገበያ የአንድ ቶን ዩሪያ ዋጋ በ2012 ዓ.ም. 230 ዶላር ያህል ነበር። ሩሲያ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ዩክሬንን ከወረረች በኋላ በሚያዝያ ወር ከ900 ዶላር በላይ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ በዶላር ሲታይ ቢወርድም፣ የብር ዋጋ በመቀነሱ ገበሬው የዋጋውን መውረድ በሙሉ አላገኘውም። ብር በጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በ15 ከመቶ እንዲቀንስ ተደርጎ ነበር፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። መንግሥት በድጎማ ከፊሉን ቢሸከምም ቀሪው በአምራቹ ላይ ይወድቃል።

3. በገብስ በኩል የሚመጣው

ይኸው የምንዛሪ ለውጥ ሌላም ገጽታ አለው። ዶላር ሲወደድ ከውጭ የሚገባው ብቅል አብሮ ስለሚወደድ ፋብሪካዎች ወደ አገር ውስጥ ገብስ ፊታቸውን ያዞራሉ። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ በ1970ዎቹ ከተቋቋመ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቅል በአመዛኙ ከአርሲና ከባሌ ገብስ ይገኝ ነበር። በደሌና ሐረር ቢራ ፋብሪካዎች በ2003 ዓ.ም. ለሄኒከን ከተሸጡ በኋላ የቢራ ምርት አደገ፤ በ2013 ዓ.ም. ገደማም የአውሮፓ ኩባንያዎች በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ቦሌ ለሚ የብቅል ፋብሪካ ከፈቱ። በጎንደርም ከዳሸን ቢራ ፋብሪካ በተጨማሪ የብቅል ፋብሪካ አለ። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የደጋው አምራች ለገበያው ቅርብ ነው።

ቅርበት ብቻ ግን ዋጋ አያስገኝም። ፋብሪካ የሚገዛው በደረጃ ነው። የፍሬው ፕሮቲን ከ9 እስከ 12 ከመቶ ገደማ፣ እርጥበቱ ከ13 ከመቶ ያልበለጠ፣ የመብቀል ኃይሉ 95 ከመቶና በላይ እንዲሆን ይፈለጋል። ዝርያው የተደባለቀ፣ በአውድማ የተሰባበረ ወይም አፈር የበዛበት ገብስ ለብቅል አይሆንም። እንዲህ ያለውን ሰብሳቢው ነጋዴ በምግብ ገብስ ዋጋ ይገዛዋል፤ ጥሩውንም መለያ መሣሪያ በሌለው ገበሬ ፊት እንደ መጥፎው ቆጥሮ ይወስደዋል። ልዩነቱ በከተማ ይቀራል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ከሰብል ውጭ

ጉልበትም ሆነ ቱሪዝም የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። ከደጋው የሚወርደው ወጣት በሑመራና በመተማ የሚያጭደው ሰሊጥ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ስለሆነ የቀን ሒሳቡ ከሰሊጥ ዋጋና ከአካባቢው ሰላም ጋር ይወጣል ይወርዳል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ የሚጓዘው ጎብኚ ለሆቴል፣ ለመኪናና ለአስጎብኚ ይከፍላል። ለገጠሩ ሰው የሚደርሰው በአብዛኛው የበቅሎና የጥበቃ ክፍያ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም ጦርነት ሲመጣ ይኸውም ተቋርጦ ነበር።

5. ማኅበራት ሊያደርጉ የሚገባቸው

ሀ) ዋጋን በገብስ መለካት። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለመግዛት ስንት ኩንታል ገብስ እንደሚሸጥ በየዓመቱ ይመዝገብ። ለስሌት ማሳያ ያህል፣ ማዳበሪያው 4,000 ብር፣ ገብሱ 2,000 ብር ቢሆን 2 ኩንታል ይጠይቃል። በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያው 7,500፣ ገብሱ 3,000 ቢሆን 2.5 ኩንታል ይሆናል። ገብሱ በብር ቢጨምርም ገበሬው ከስሯል ማለት ነው።

ለ) በኩታ ገጠም ማሳ አንድ ዝርያ ብቻ መዝራት፤ ዘሩንም ከምግብ ገብስ ለይቶ ማስቀመጥ።

ሐ) ዩሪያን ከተመከረው መጠን አለማብዛት፣ አዘግይቶም አለመጨመር። ትርፉ ዩሪያ ፕሮቲኑን ከፍ ስለሚያደርገው ገበሬው ለማዳበሪያው ገንዘብ ከፍሎ ደረጃውንም ያጣል።

መ) ሚዛንና የእርጥበት መለኪያ በማኅበሩ መጋዘን ማኖር። የመብቀል ኃይልን ለመፈተን 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ከሦስት እስከ አምስት ቀን መቁጠር ይበቃል። አዲስ የታጨደ ገብስ ለጥቂት ሳምንታት ላይበቅል ስለሚችል ፈተናው ቆይቶ ይደገም።

ሠ) ከዘር በፊት በጽሑፍ መዋዋል። ዋጋው፣ ደረጃው፣ የጆንያና የማጓጓዣ ወጪው፣ ከደረጃ በታች የሆነውም ገብስ ዕጣ በውሉ ይገለጽ።

ረ) ለብድር ክፍያ ሲባል ምርቱን ሁሉ በታኅሣሥና በጥር አለመሸጥ። ማኅበሩ በመጋዘን ተረክቦ ከፊሉን ቅድሚያ ቢከፍል አባላት ዋጋው እስኪሻል መጠበቅ ይችላሉ።

ማሳሰቢያ

ቢራ ገብስ ይሸጣል ተብሎ ማሳው በሙሉ ለእርሱ መዋል የለበትም። ገብስ ለደጋው ቤተሰብ እንጀራው፣ በሶውና ቆሎው ነው። የሚበላውን ሳይለይ ሁሉን ለገበያ ያዋለ ቤት፣ ፋብሪካው ገብሱን ባልተቀበለ ዓመት በክረምት እህል ገዢ ይሆናል። ስለሆነም የልማት ሠራተኞች አስቀድመው ከእያንዳንዱ አባል ጋር የቤቱን የዓመት ቀለብ አስልተው፣ ከዚያ የተረፈውን መሬት ብቻ በውል እንዲያስገባ እንዲመክሩ እናሳስባለን።