ባሕር የሌለው ከተማ የት ይቀመጥ?

ቦሌ የሚኖር ሰው ወደ ባሕር ጠረፍ ከተሞች የሚበሩ አውሮፕላኖች ድምፅ ከጆሮው አይጠፋም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአክራ በኩል እስከ ሞንሮቪያ መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ዛሬ በምዕራብ አፍሪካ ዋና ማዕከሉ ሎሜ ናት። ሎሜ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ከተማ ናት። ሰው አመሻሽ ላይ ከቤቱ ወጥቶ አሸዋው ላይ ይቀመጣል፣ ማዕበሉን ያያል፣ ሲበቃው ይሄዳል። ከውሃው ይልቅ እኔን የሚያስቀናኝ ይኸው ነው፤ ሳይከፍሉና «ምን ልታዘዝ?» ሳይባሉ መቀመጥ።

እኛ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ከምፅዋና ከአሰብ ወደቦች ጋር ተለያየን። ባሕር ስለሌለን ለምሥራቅ አዲስ አበባ ሰው እረፍት ማለት ብዙ ጊዜ ማኪያቶ ነው። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከሃያ ሁለት እስከ ሲኤምሲ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የካፌው በረንዳ ሁሉ ይሞላል። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ጨዋታው ይደምቃል፣ የተጣላም ይታረቅበታል። ወንበሩ ግን የሚከፈልበት ወንበር ነው። ደሞዙ ሳይደርስ ወሩ የረዘመበት ሰው በዚያ በኩል የሚያልፈው ፊቱን አዙሮ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ ተሞክሮ ከተማውን ያዳረሰው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሳይከፍሉ ለመቀመጥ ጥሩ ሐሳብ ነበረው። በብሎኮቹ መካከል ክፍት ቦታ ተተወ፤ ለለቅሶና ለድግስ ኮሚናል የሚባል የጋራ ቤት ተሠራ። ልጆች ኳስ የተማሩት፣ ጡረተኞች ጠዋት ፀሐይ የሞቁት እዚያ ነው። ከዚያ መኪናው በዛ። በብዙ ሳይቶች ሣሩ ማቆሚያ ሆነ፣ ልጆቹም በቆሙት መኪኖች መካከል ይጫወታሉ። ይህን ያደረገው ክፉ ሰው አይደለም። የጋራ የሆነውን ቦታ የሚጠብቀው ሰው ስላልነበረ፣ መጀመሪያ የደረሰበት ያዘው።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር፤ በወር አንድ እሑድ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ሕፃናት በብስክሌትና በሮለር ይሮጡበታል። በ2016 ዓ.ም. የጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከቦሌ እስከ መገናኛ የእግረኛ መንገዱን አሰፋ፣ የብስክሌት መስመርና መቀመጫ አመጣ። ለዚህ ሲባል ቤታቸውና ሱቃቸው የፈረሰባቸው ሰዎች አሉ፤ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ እነሱን አልረሳም። ቢሆንም ማታ ማታ እናት ልጇን ይዛ፣ ጓደኛሞች ቆሎ ይዘው በነፃ ሲቀመጡ ማየት ለዚህ ሰፈር አዲስ ነገር ነው። ወደ ወዳጅነት ፓርክ መግባት ግን ያስከፍላል።

ውሃ የናፈቀው ወደ ቢሾፍቱ ይወርዳል። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቤተሰብ ጠዋት ወጥቶ ለማታ ቤቱ ይገባል። እዚያም ያው የክፍያ ችግር ይጠብቀዋል። የቢሾፍቱና የሆራ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው፤ ዙሪያቸው ገደል ነው። ሰው ወርዶ ውሃውን የሚነካበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ያንን ቁልቁለት የያዘ ሐይቁን ያዘ ማለት ነው። ከጫፉ ላይ ከተደረደሩት ሆቴሎችና ሪዞርቶች መካከል የሚያምሩ አሉ፤ ብዙ ሰው ቀጥረዋል። ነገር ግን አምስት ልጆች ያሉት አባት የአንድ ሰው ምሳ ዋጋ ሲሰማ ሐይቁን ከአጥር ማዶ አሳይቷቸው ይመለሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ሕዝቡ ባለቤት ከሆነ መውረጃ ሊኖረው ይገባል።

የኦሮሞ የምስጋና በዓል በሆነው በኢሬቻ ቀን ነገሩ ሌላ ነው። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ የሆራ ሐይቅ ዳር፣ ሆራ አርሰዲ፣ በነጭ ልብስ ይሞላል፤ ሰው ለምለም ሣርና አበባ ይዞ ይወርዳል፣ ውሃው ውስጥ ነክሮ ራሱንና አጠገቡ ያለውን ይረጫል። ቲኬት የሚጠይቅ የለም።

በቀረው ዓመትስ? በየሐይቁ አንድ የሕዝብ ደረጃ ይሠራ፤ አሮጊት ተደግፋ የምትወርድበት፣ ከታች ጥላ የሚሰጥ ዋርካ ያለው፣ ንጹሕ መፀዳጃ ያለው። ቁርሷን በፌስታል ቋጥራ ከአያት ሰፈር የመጣች እናት ልጆቿን እግራቸውን አስነክራ እዚያ ትዋል።