አዲስ ድረ ገጽና የማስታወቂያ ኔትወርክ፦ ተረትና እውነታ

የማስታወቂያ ኔትወርክ የድረ ገጽ ባለቤትንና ማስታወቂያ አስነጋሪን የሚያገናኝ ድርጅት ነው። ባለቤቱ የተሰጠውን ኮድ ገጹ ላይ ያስገባል፤ በቦታው የማን ማስታወቂያ እንደሚወጣ ኔትወርኩ ይወስናል፤ ከገቢውም ድርሻውን አንስቶ ቀሪውን ይከፍላል። ሐዋሳ ላይ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ሆቴሎች ወይም ስለ ከተማው ዜና ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው ስለዚህ ሥራ ብዙ ሰምቶ ይጀምራል። ከሰማው ውስጥ አብዛኛው ግን ለሌላ አገርና ለሌላ ቋንቋ የተነገረ ምክር ነው።

ጎግል አድሴንስ ማንንም ይቀበላል የሚለው እምነት እውነትም ስሕተትም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ይህ አገልግሎት ዝቅተኛ የጎብኚ ቁጥር አይጠይቅም፤ ለጀማሪ የሚቀለውም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ የሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው፤ በዋናነት ከዝርዝሩ ውጭ በሆነ ቋንቋ በተጻፈ ገጽ ላይ ኮዱን ማስገባት በደንቡ ክልክል ነው። በመቶ ሚሊዮኖች የሚነገረው ሂንዲ እንኳ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ነው። አማርኛና ሲዳምኛ ለረጅም ዓመታት ከዝርዝሩ ውጭ ቆይተዋል። ስለዚህ በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በእንግሊዝኛ የሚዘጋጅ የሐዋሳ ድረ ገጽ ከማመልከቱ በፊት ዝርዝሩን ማየት ይኖርበታል፤ ቋንቋዎቹ ካልገቡም ኮዱ የሚቀመጠው በእንግሊዝኛ ገጾቹ ላይ ብቻ ይሆናል።

ምዝገባው ካለቀ ገንዘቡ በራሱ ይመጣል ብሎ ማሰብም የተለመደ ነው። በአድሴንስ ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ የሚስጥር ቁጥር የያዘ ካርድ በፖስታ ይላካል፤ ቁጥሩ በአራት ወር ውስጥ ካልገባ ማስታወቂያው ይቆማል። በኢትዮጵያ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ነው። የመንደርና የቤት ቁጥር ብቻ የሞላ አመልካች ካርዱ ላይደርሰው ይችላል፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር መያዝ ያለበት ከምዝገባው በፊት ነው። ክፍያ የሚለቀቀው ደግሞ ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ነው። ለአንድ ሺህ እይታ ግማሽ ዶላር ቢታሰብ እዚያ ለመድረስ 200,000 እይታ ያስፈልጋል። ለአዲስ ድረ ገጽ ይህ የወራት፣ ምናልባትም ከዓመት በላይ የሆነ ሥራ ነው።

ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ብዙ የሚከፍል ኔትወርክ ይሻላል የሚለው ተረት ነው። በአንድ ቀን ተቀብለው የተሻለ ክፍያ ቃል የሚገቡ አንዳንድ ኔትወርኮች ገንዘቡን የሚያገኙት አንባቢው ሳይጠይቅ በሚከፈት መስኮት፣ የስልኩን ስክሪን በሚሸፍን ምስልና ድምፁን ከፍቶ በሚጀምር ቪዲዮ ነው። የሐዋሳ አንባቢ በአብዛኛው በስልክ የሚያነብ፣ ዳታውንም በፓኬጅ የሚገዛ ሰው ነው። አንድ የሆቴል ስልክ ቁጥር ሊፈልግ ገብቶ ያላዘዘው ቪዲዮ ሜጋባይቱን ሲበላበት ተመልሶ አይመጣም፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2018 ጀምሮ የጎግል ክሮም ብሮውዘር በእነዚህ ዓይነት ማስታወቂያዎች አንባቢን ደጋግመው በሚያስቸግሩ ድረ ገጾች ላይ ማስታወቂያን ሙሉ በሙሉ ያግዳል። ክሮም የሚከተለው መስፈርት በስልክ ላይ ማስታወቂያ ከዋናው ጽሑፍ ቁመት 30 በመቶ በላይ እንዳይዝ ይጠይቃል። በመሆኑም ለተጠቃሚ የሚመች ኔትወርክ የሚለየው ባለቤቱ የማስታወቂያውን ዓይነት፣ ብዛትና ቦታ ራሱ እንዲወስን፣ የማይፈልገውንም ዘርፍ እንዲዘጋ በመፍቀዱ ነው። ለምሳሌ 320 በ50 ፒክስል ለሆነ ማስታወቂያ ቦታው አስቀድሞ ከተከለለ፣ ማስታወቂያው ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች አይገፋውም።

እንደ ሚዲያቫይን ያሉ ትልልቅ ኔትወርኮች ለጀማሪ አይሆኑም፤ ሚዲያቫይን ለዓመታት በወር 50,000 ጉብኝት ይጠይቅ ነበር። ጓደኞችን ማስታወቂያው ላይ ጠቅ እንዲያደርጉ መለመንም ሒሳብ ያዘጋል እንጂ ገቢ አይጨምርም።

ያለ ኔትወርክ ማስታወቂያ አይገኝም የሚለው ደግሞ በሐዋሳ ከእውነታው በጣም የራቀ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፊቼ ጫምባላላ በዓል ሲቃረብ፣ በሐዋሳው የጉዱማሌ አደባባይ ሊያከብር የሚመጣ እንግዳ ማደሪያና መመገቢያ ይፈልጋል። የበዓሉን መርሐ ግብር የሚያወጣ ድረ ገጽ በዚያ ሳምንት ለአንድ ሆቴል 300 በ250 ፒክስል የሆነ ቦታ በቀጥታ ቢሸጥ፣ ክፍያው በብር በባንክ ወይም በቴሌብር ይገባል፤ 100 ዶላር እስኪሞላም አይጠበቅም፣ የገጹ አማርኛ ወይም ሲዳምኛ መሆንም አያግደውም። እንዲህ ባለው ውል ማስታወቂያው የሚቆይበት ጊዜና ዋጋው በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ምስሉ ላይ «ማስታወቂያ» የሚል ቃል ይጻፋል፤ ጎግል የተከፈለባቸው ሊንኮች እንዲለዩ ስለሚጠይቅም ወደ ሆቴሉ የሚወስደው ሊንክ በኮዱ ውስጥ የስፖንሰር ምልክት ይደረግበታል።