ፈረስና የዳር ወታደር፦ ኮምፒዩተር የቼዝን ፍጻሜ እንዴት ይመዝናል?

እዚህ በናይሮቢ ኢስትሊ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቼዝ ከሚጫወቱት ተማሪዎቼ አንዱ ስልኩን ይዞ መጣ። በሁለቱም ወገን የቀሩት ንጉሥ፣ አንድ አንድ ፈረስና እኩል ወታደሮች ሲሆኑ፣ ፕሮግራሙ ለነጭ ብልጫ ሰጥቷል። «መምህር፣ ብልጫውን ከየት አመጣው?» አለኝ።

መልሱ ያለው በዳር ዓምድ በቆመው ነጭ ወታደር ላይ ነው። ከፊቱም ሆነ በአጠገቡ ባለው ዓምድ የሚያግደው የባላጋራ ወታደር ስለሌለ መንገዱ ተከፍቶለታል። በሰው እጅ የተጻፉ ፕሮግራሞች እንዲህ ላለው ወታደር ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ወደ መጨረሻው ረድፍ በቀረበ ቁጥርም ነጥቡ ያድጋል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ስቶክፊሽ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለዳር ወታደር ልዩ ደንብ ነበረው። ይኸውም ባላጋራው ከወታደሮቹ ሌላ ከአንድ ፈረስ የበለጠ ኃይል ካልቀረው፣ የወታደሩ የፍጻሜ ነጥብ በሩብ ይጨመራል፤ ግንብ ወይም ንግሥት ካለው ግን በሩብ ይቀነሳል። ጸሐፊዎቹ ለዳር ወታደር ጥሩ ደንብ ማግኘት እንደሚያስቸግር እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ በማስታወሻ ማስፈራቸው ያስመሰግናቸዋል። (እኛስ በመማሪያ መጻሕፍታችን ስንቴ እንዲህ አልን?)

የደንቡ መነሻ ግን ግልጽ ነው። ፈረስ በሰሌዳው መካከል ሲቆም ስምንት መርገጫ አለው፤ በማዕዘን ሁለት ብቻ። በአገራችን የጥንት ሰንጠረዥም አዘላለሉ ይኸው ነው። ነጭ ወታደር ኤ7 ደርሶ ጥቁር ፈረስ ኤ8 ላይ ቢያግደው፣ የፈረሱ መውጫ ቢ6 እና ሲ7 ነው። ነጩ ንጉሥ ቢ7 ላይ ሲቆም ፈረሱንም ሁለቱንም መውጫዎች ይይዛል፤ የጥቁር ንጉሥ ሩቅ ከሆነ ፈረሱ አለቀለት።

ዛሬ ይህ ደንብ በስቶክፊሽ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እጅግ ብዙ አቋሞችን አይቶ በተማረ ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ይመዝናል፤ በ2024 በወጣው እትም ደግሞ በእጅ የተጻፈው ምዘና ጨርሶ ተወግዷል። ፕሮግራሙ በእርግጥ በርትቷል፤ ነገር ግን «ሩቡ የተጨመረው በዚህ ምክንያት ነው» ብለን ለተማሪ የምናሳየው መስመር ጠፍቷል።

ስለዚህ ልጁን ስልኩን አስቀምጦ ፈረሱን በእጁ እንዲያንቀሳቅስ ነገርሁት። ወታደሩን ወደ ሲ7፣ ፈረሱን ወደ ሲ8 አዛወርንና ንጉሡን እዚያው ቢ7 ላይ ተውነው። ፈረሱ ወደ ዲ6 ዘለለ፤ ንጉሡንም አስፈራራ፣ ሲ8ንም እንደጠበቀ ቀረ።