ዳንኤላ ሮሞ፦ ፀጉሯን ያጣች፣ ሕመሟን ያልደበቀች

ሜክሲኳዊቷ ዳንኤላ ሮሞ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በ1984 «ጨረቃን አልጠይቅህም» የሚል ትርጉም ባለው ዘፈኗ ዝናዋ ናኘ፤ በ1986 «ሚስጥራዊው መንገድ» በተባለው ተከታታይ ድራማ መሪ ተዋናይት ሆነች። ረጅሙ ጥቁር ፀጉሯ መታወቂያዋ ነበር። በ2011 የጡት ካንሰር ተገኘባት፤ በሕክምናው ፀጉሯን አጣች። ሕመሟን ግን ለሕዝብ ተናገረች፣ ታክማ ዳነች፣ በ2013 «ማዕበሉ» በተሰኘው ድራማ ተመልሳ ታየች።

በነርስነት ስሠራ፣ ጡታቸው ላይ ያገኙትን እብጠት «አያመኝም» ብለው ለወራት የደበቁ ብዙ እናቶች አይቻለሁ። እኅቶቼ፣ የካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። አለማመሙ አያዘናጋችሁ፤ ቶሎ ታዩ። ፀጉር እንደሆነ ተመልሶ ይበቅላል።