ሴፕቲክ ታንክና የጉድጓድ ውሃ፦ ስለ ናይትሬት ማወቅ የሚገባዎት

ቤትዎ ከከተማ የውሃና የፍሳሽ መስመር ውጭ ከሆነ፣ የሚጠጡት ውሃ ከግል ጉድጓድ ይቀዳል፤ የመጸዳጃ ቤትና የማድ ቤት ፍሳሽ ደግሞ እዚያው ግቢ ወደ ተቀበረ ሴፕቲክ ታንክ ይገባል። የግል ጉድጓድን ውሃ የፌዴራል መንግሥት አይቆጣጠርም። ማስመርመር የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።

ናይትሬት ከየት ይመጣል?

ታንኩ ዝቃጩን ያስቀራል እንጂ በሽንት ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብዙም አያስወግድም። ፈሳሹ ከታንኩ ወጥቶ ወደ አፈር ሲሰርግ፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አፈር ብዙ ጀርሞችን ያጣራል፤ ናይትሬትን ግን ስለማይዝ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ምንም ብልሽት የሌለው ሴፕቲክም ናይትሬት ይለቃል። አፈሩ አሸዋማ፣ ጉድጓዱ ጥልቀት የሌለው፣ ቤቶቹም የተጠጋጉ ከሆኑ ስጋቱ ይጨምራል።

ማንን ይጎዳል?

ከሁሉ በላይ ከ6 ወር በታች ሆነው በጉድጓድ ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት የሚጠጡ ሕፃናትን ይጎዳል። ናይትሬቱ በሰውነታቸው ውስጥ ተለውጦ ደማቸው ኦክስጅን በደንብ እንዳይሸከም ያደርጋል። በ1945 አንድ ሐኪም በአዮዋ ግዛት በሕፃናት ላይ ያየውን ይህን ችግር ጽፎ አሳውቋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሰማያዊ ሕፃን» ይሉታል፤ ስሙ ግን የእኛን ወላጆች ሊያሳስት ይችላል። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ሰማያዊነቱ በቀላሉ አይታይም። የልጁን ከንፈር፣ ድድ፣ ምላስና የጥፍር ሥር ይመልከቱ። መልኩ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ ወይም ልጁ ትንፋሽ ካጠረው 911 ይደውሉ።

«አፍልቼዋለሁ» አይበቃም

እናቶች ስለ ውሃ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚመልሱት ይህንን ነው፤ ለጀርምም ትክክል ነው። ናይትሬት ግን በማፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን በቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጠው ተራ የከሰል ማጣሪያም አያስወግደውም። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ፣ በአግባቡ ከተያዘ፣ ይቀንሰዋል። ለሕፃን ግን ውጤቱ እስኪታወቅ የታሸገ ውሃ ይጠቀሙ።

ምርመራውና ውጤቱ

ናይትሬት ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። ውሃዎን ፈቃድ ባለው ላቦራቶሪ በዓመት 1 ጊዜ ያስመርምሩ። የሕዝብ ውሃ ገደብ በሊትር 10 ሚሊግራም ነው፤ ይህ በናይትሮጅን ሲለካ ነው። አንዳንድ ላቦራቶሪ በናይትሬት ይለካል፤ ያኔ ገደቡ ወደ 45 ገደማ ይሆናል። ወረቀቱ በየትኛው እንደተጻፈ ሳያዩ አይደንግጡ፣ አይዘናጉም።

አንድ ቁጥር ብቻውን ምንጩን አይናገርም። የእርሻ ማዳበሪያና የከብት ፍግም ናይትሬት ይጨምራሉ፤ የጎረቤት ሴፕቲክም እንዲሁ። ኮሊፎርም ባክቴሪያና ክሎራይድ አብረው ከተገኙ ፍሳሽን ያስጠረጥራል። በለስላሳ መጠጥ ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ በጉድጓዱ ከታየ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ማዳበሪያ ውስጥ አይገኝምና።

ታንኩን በየ3 እስከ 5 ዓመት በመምጠጫ መኪና ማስመጠጥ ሲስተሙ እንዳይደፈን ይረዳል፤ ናይትሬትን ግን አይቀንስም። ውጤትዎ ከገደቡ ካለፈ ለካውንቲው ጤና መምሪያ ይደውሉና «አማርኛ» ይበሉ፤ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርብልዎታል።