ቲኤችሲፒ፦ ስሙ ብዙም ያልታወቀው የካናቢስ ንጥረ ነገርና የደቀነው አደጋ

ካናቢስ በዓለም ላይ በስፋት ከሚዘወተሩ አደንዛዥ ዕፆች አንዱ መሆኑ ይታወቃል። የሕግ አስከባሪ አካላት፣ የጤና ባለሙያዎችና የጉምሩክ ሠራተኞች ለረጅም ዓመታት ሲቆጣጠሩት የቆዩት በቅጠል፣ በአበባ ወይም በሙጫ መልክ የሚዘዋወረውን ዕፅ ነው። ይሁንና ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በእስያ ገበያዎች ላይ የታዩት ምርቶች ከዚህ የተለዩ ናቸው። በከረሜላ፣ በብስኩት፣ በዘይትና በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መልክ ተዘጋጅተውና ዓይን በሚስብ ማሸጊያ ታሽገው የሚሸጡ ሲሆን፣ በውስጣቸው የሚገኘው ንጥረ ነገር ስም ለብዙዎች እንግዳ ነው።

ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች መካከል በኃይለኛነቱ ጎልቶ የሚጠቀሰው ቴትራሃይድሮካናቢፎሮል፣ በአጭሩ ቲኤችሲፒ የተባለው ነው። ንጥረ ነገሩ ምን እንደሆነ፣ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራና ምን ዓይነት ጉዳት እንደሚያስከትል ማወቅ ለቁጥጥር፣ ለሕክምናና ለትምህርት ሥራ ኃላፊነት ላለባቸው ሁሉ ጠቃሚ ይሆናል።

የካናቢስ ተክል ካናቢኖይድ በሚል የወል ስም የሚጠሩ ከ100 በላይ ንጥረ ነገሮችን ይዟል። ከእነዚህ ውስጥ የማደንዘዝና ስሜትን የመለወጥ ባሕርይ ያለው ዋነኛው ቲኤችሲ የተባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1964 በእስራኤል ተመራማሪዎቹ ራፋኤል ሜሹላምና የቺኤል ጋዎኒ ከሌሎቹ ለይተው አውጥተውታል። ከዚያ በኋላ ለአምስት አሥርት ዓመታት ያህል በተክሉ ውስጥ ከቲኤችሲ የበለጠ ኃይል ያለው ንጥረ ነገር ሊኖር ይችላል የሚል ግምት ብዙም አልነበረም።

ይህ አመለካከት የተለወጠው እ.ኤ.አ በታኅሣሥ ወር 2019 ነው። በጣሊያን የሞዴናና ሬጆ ኤሚሊያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ጁሴፔ ካናዛና ቺንዚያ ቺቲ የሚገኙበት የተመራማሪዎች ቡድን ቲኤችሲፒን ማግኘቱን በሳይንሳዊ መጽሔት ይፋ አደረገ። ቡድኑ የመረመረው የካናቢስ ዝርያ በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የጣሊያን ጦር ኃይል የመድኃኒት ማምረቻ ለሕክምና አገልግሎት የሚዘጋጅ ነበር።

በቲኤችሲና በቲኤችሲፒ መካከል ያለው ልዩነት ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ሁለቱም ተመሳሳይ አካል ያላቸው ሲሆን፣ ከጎናቸው የካርቦን አቶሞች ሰንሰለት ተያይዟል። የቲኤችሲ ሰንሰለት አምስት የካርቦን አቶሞች ሲኖሩት፣ የቲኤችሲፒ ሰባት አለው። ሆኖም እነዚህ ሁለት ተጨማሪ አቶሞች የሚያስከትሉት ለውጥ ከፍተኛ ነው።

በሰው አንጎልና ነርቮች ውስጥ ሲቢ1 ተብለው የሚጠሩ ተቀባዮች ይገኛሉ። ተቀባዮቹ የማስታወስ ችሎታን፣ የሰውነት እንቅስቃሴን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ የሕመም ስሜትንና ፍርሃትን በመቆጣጠር ረገድ ድርሻ አላቸው። ተቀባዩን እንደ ጓጉንቸር፣ ካናቢኖይዱን ደግሞ እንደ ቁልፍ አድርጎ መመልከት ይቻላል። የቲኤችሲፒ ረጅም ሰንሰለት በተቀባዩ ውስጥ ካለው ክፍት ቦታ ጋር በእጅጉ ስለሚገጥም ቁልፉ አጥብቆ ይይዛል። የጣሊያኑ ቡድን በቤተ ሙከራ ባደረገው ልኬት የቲኤችሲፒ ከሲቢ1 ጋር የመጣበቅ ኃይል ከቲኤችሲ 33 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በአይጦች ላይ በተደረገው ሙከራም ንጥረ ነገሩ ዝቅ ባለ መጠን እንቅስቃሴን መቀነሱ፣ የሰውነት ሙቀትን ማውረዱ፣ የሕመም ስሜትን ማደንዘዙና አይጦቹን ማፍዘዙ ታይቷል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነጥብ አለ። 33 እጥፍ የሚለው አኃዝ የመጣበቅን ኃይል እንጂ የስካርን መጠን አያመለክትም። ንጥረ ነገሩ በጉበት ውስጥ የሚደርስበት ለውጥ፣ ወደ አንጎል የሚደርሰው መጠንና በሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ሁሉ ውጤቱን ይወስናሉ። በመሆኑም ሻጮች «33 ጊዜ የሚበልጥ» እያሉ የሚያስተዋውቁት ከሳይንሱ የተወሰደ ቢመስልም ሳይንሱ ያላለውን የሚናገር ማስታወቂያ ነው። ይህ ማለት ግን ንጥረ ነገሩ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ቲኤችሲን በሚመለከት አሥርት ዓመታት ያስቆጠረ የሕክምና ልምድ ያለ ሲሆን፣ ቲኤችሲፒን በሚመለከት ግን ለሰው ልጅ ጉዳት የማያስከትል ተብሎ በጥናት የተረጋገጠ መጠን የለም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ጉዳይ የምርቶቹ ምንጭ ነው። ሻጮች ንጥረ ነገሩ «ተፈጥሯዊ» መሆኑን ይናገራሉ። በተመራማሪዎቹ ልኬት መሠረት ግን በአንድ ግራም ተክል ውስጥ የተገኘው ቲኤችሲፒ 29 ማይክሮ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህም አንድ ግራም ንጥረ ነገር ለማግኘት ከ34 ኪሎ ግራም በላይ ተክል ያስፈልጋል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ማምረት አዋጭ ስለማይሆን በገበያ ላይ የሚውለው ቲኤችሲፒ በአብዛኛው በቤተ ሙከራ ከሌሎች ኬሚካሎች የሚሠራ ነው። ሥራው በመድኃኒት ፋብሪካ ደረጃ ቁጥጥር የማይደረግበት ከሆነ ደግሞ የማሟሟያ ኬሚካሎች ቅሪትና ምንነታቸው ያልታወቀ ተረፈ ምርቶች አብረው ሊገኙ ይችላሉ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው መጠንም በውስጡ ካለው ጋር ላይመሳሰል ይችላል።

በሰውነት ላይ የሚታዩት ምልክቶች ከካናቢስ ጋር የሚመሳሰሉ ሆነው በመጠን የበረቱ ናቸው። የዓይን መቅላት፣ የአፍ መድረቅ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማዞር፣ ማስመለስና ከባድ እንቅልፍ በአካል ላይ የሚታዩ ናቸው። ብርቱ ፍርሃት፣ ጥርጣሬ፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማት፣ የጊዜና የቦታ ስሜት መዛባት ደግሞ በአእምሮ ላይ የሚከሰቱ ናቸው። የልብ ሕመም ወይም የአእምሮ ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም በቤተሰባቸው የአእምሮ ሕመም የታየባቸው ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። አዘውትሮ መጠቀም ሱስን ያስከትላል። አንጎላቸው ገና በዕድገት ላይ በሚገኝ ወጣቶች ላይ ደግሞ የትምህርት አቀባበልን ይጎዳል።

በምግብ መልክ የተዘጋጁት ምርቶች የራሳቸው ችግር አላቸው። በጭስ የተወሰደ ካናቢስ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሰማ ሲሆን፣ የተበላው ግን ከ30 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ተጠቃሚው ምንም ያልተሰማው መስሎት ሁለተኛና ሦስተኛ ይደግማል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሠራ ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ መመረዝ ይከሰታል። ከሁሉም የከፋው አደጋ በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ነው። ሕፃን ልጅ ከረሜላን ከረሜላ እንጂ ሌላ አያደርገውም። በሰውነቱ ክብደት አነስተኛነት ምክንያትም ለአዋቂ የተዘጋጀ መጠን ራሱን ሊያስተው፣ አተነፋፈሱንም ሊያዳክም ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ መመረዝ በሕክምና ተቋማት የሚሰጥ የተለየ ማርከሻ የለም፤ የሐኪሞች ሥራ አተነፋፈስንና የልብ ምትን መከታተል፣ ፈሳሽ መስጠትና መንቀጥቀጥን ማስታገስ ነው።

የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነውን ዴልታ 8 ቲኤችሲን በተመለከተ በአሜሪካ የተሰበሰበው መረጃ የችግሩን ስፋት ያሳያል። የሀገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ ከጥር 2021 እስከ የካቲት 2022 ባለው ጊዜ የመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከላት 2 ሺህ 362 ሪፖርቶች ደርሰዋቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ 40 በመቶ የሚሆኑት ሰዎች ምርቱን የወሰዱት ሳያውቁ ሲሆን፣ ሳያውቁ ከወሰዱት መካከል 82 በመቶው ሕፃናትና ታዳጊዎች ናቸው።

በጃፓንም ተመሳሳይ ክስተት ታይቷል። እ.ኤ.አ በኅዳር ወር 2023 በቶኪዮ አንድ መናፈሻ በተካሄደ በዓል ላይ የታደለ ከረሜላ የበሉ አምስት ሰዎች ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። በከረሜላው ውስጥ የነበረው ኤችኤችሲኤች የተባለ ሌላ የካናቢኖይድ ዓይነት ሲሆን፣ በወቅቱ በሕግ አልተከለከለም ነበር። የጃፓን መንግሥት ወሩ ሳይሞላ ንጥረ ነገሩን በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ከለከለ።

ይህ ምሳሌ የቁጥጥሩን ዋነኛ ፈተና ያመለክታል። ሕግ አንድን ንጥረ ነገር በስሙ ጠርቶ ሲከለክል፣ አምራቾች በሞለኪዩሉ ላይ መጠነኛ ለውጥ አድርገው ስሙ በሕግ ያልተጠቀሰ ሌላ ምርት ይዘው ይቀርባሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ2018 የወጣው የግብርና ሕግ ዴልታ 9 ቲኤችሲ ከደረቅ ክብደቱ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠበትን ተክል ሄምፕ ብሎ ከአደንዛዥ ዕፅ ዝርዝር አወጣ። ሕጉ የለካው ያንን አንድ ንጥረ ነገር ብቻ በመሆኑ፣ ሌሎቹ በክፍተቱ ገብተው በነዳጅ ማደያዎችና በትናንሽ ሱቆች ጭምር ለመሸጥ በቁ። ይህን ክፍተት ለመድፈን የሄምፕን ትርጉም የሚያጠብ ሕግ እ.ኤ.አ በኅዳር ወር 2025 የተፈረመ ሲሆን፣ ተፈጻሚነቱም ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲሆን ተደንግጓል።

በአውሮፓ ደግሞ ኤችኤችሲ የተባለው ንጥረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ በግንቦት ወር 2022 በዴንማርክ ከታየ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ በበርካታ ሀገሮች ተስፋፋ። ፈረንሳይ ኤችኤችሲን በሰኔ ወር 2023 ከከለከለች በኋላ፣ ገበያው ወደ ሌሎች ንጥረ ነገሮች በማዘንበሉ ከአንድ ዓመት በኋላ በሰኔ ወር 2024 ቲኤችሲፒንና መሰሎቹን በክልከላው አካትታለች።

በዓለም አቀፍ ደረጃም እርምጃ ተወስዷል። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን እ.ኤ.አ በመጋቢት ወር 2025 በቪየና ባካሄደው ስብሰባ፣ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር መሠረት ኤችኤችሲ በ1971 የሥነ አእምሮ ንጥረ ነገሮች ስምምነት ሠንጠረዥ 2 ውስጥ እንዲካተት ወስኗል። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል በመሆኗ ውሳኔው ይመለከታታል። ይሁንና ውሳኔው ኤችኤችሲን እንጂ ቲኤችሲፒን በስም እንዳልጠቀሰ ልብ ሊባል ይገባል።

በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥና ስሜትን የሚለውጡ ነገሮችን ማምረት፣ ማዘዋወርና መጠቀም የሚያስቀጣ መሆኑን ይደነግጋል። የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥሩም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ይከናወናል። ሕጉ ቢኖርም ምርቱ የሚመጣው ቅጠል መስሎ ሳይሆን ከረሜላና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መስሎ በመሆኑ፣ በሽታና በዓይን የሚደረግ ፍተሻ ብቻውን በቂ አይሆንም። ለቲኤችሲ የተዘጋጀ የተለመደ የሽንት ምርመራም የትኛው ንጥረ ነገር እንደተወሰደ ለይቶ አይናገርም፤ ይህን ለመለየት የተሟላ የቤተ ሙከራ ትንተና ያስፈልጋል።

በመሆኑም የየዘርፉ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ነጥቦች ግልጽ ናቸው። የጉምሩክና የፖስታ ሠራተኞች በማሸጊያ ላይ ቲኤችሲፒ፣ ኤችኤችሲ፣ ዴልታ 8 እና የመሳሰሉት ምህጻረ ቃላት ተጽፈው ሲያገኙ «የታወቀ ዕፅ አይደለም» ብለው ሳያልፉ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። የሕክምና ባለሙያዎች ምክንያቱ ባልታወቀ ሁኔታ የፈዘዘ ሕፃን ሲያጋጥማቸው ወላጆችን ስለ ምግብና ከረሜላ መጠየቅ፣ ማሸጊያው ካለም እንዲቀርብ ማድረግ ይገባቸዋል። ወላጅም ቢሆን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሳይፈራ በእውነት መመለሱ የልጁን ሕይወት ሊያተርፍ እንደሚችል መገንዘብ አለበት። ከውጭ ሀገር በስጦታ የተላኩ ጣፋጮችን ለልጆች ከመስጠት በፊት ማሸጊያውን ማንበብም ቀላል ግን ጠቃሚ ጥንቃቄ ነው።

ሕግ አውጪዎችን በሚመለከት ከሌሎች ሀገሮች ልምድ የሚወሰደው ትምህርት፣ ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ በስማቸው ከመከልከል ጎን ለጎን በኬሚካዊ ቤተሰብ ደረጃ መመደብ የተሻለ መሆኑን ነው። ሁለት የካርቦን አቶሞች የንጥረ ነገሩን ስምና ኃይል ለመለወጥ በቂ ሆነው ተገኝተዋል። አንድን ሕፃን ከጉዳት የሚጠብቀው ሕግ ግን በሁለት አቶሞች ልዩነት ሊታለፍ የሚችል መሆን አይገባውም።