ከድርድር የተመረጠ ሁሉ ቅጂ ነውን?

በቁጥር ስሌት ፕሮግራም ውስጥ ድርድር የሚባለው አንድ ዓይነት የሆኑ ቁጥሮች በተርታ የሚቀመጡበት መዋቅር ሲሆን፣ እያንዳንዱ አባል የሚጠራበት የቦታ ቁጥር ደግሞ ኢንዴክስ ይባላል። ቆጠራው ከ0 መጀመሩ የኮምፒውተር ተፈጥሮ ያመጣው ግዴታ ነው የሚለው ተረት መሆኑ ብዙም አያከራክርም፤ ፎርትራን፣ ማትላብ፣ አር እና ጁሊያ የተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች በልማድ ከ1 ይጀምራሉና። ኤድስገር ዳይክስትራም እ.ኤ.አ. በ1982 ከ0 መጀመርን ደግፎ ሲጽፍ መከራከሪያው የቁጥር ክልል አጻጻፍ ማማር እንጂ የማሽኑ ጠባይ አልነበረም።

ብዙ ስሌት የሚያበላሸው ግን በኢንዴክስ የተመረጠ ክፍል ምንጊዜም ራሱን የቻለ ቅጂ ነው የሚለው እምነት ነው። ማትላብን ለለመደ ሰው እምነቱ ያስኬዳል፤ በፓይተን ቋንቋ ለቁጥር ስሌት በሚያገለግለው ናምፓይ ግን አያስኬድም። 10፣ 20፣ 30፣ 40 እና 50 ከያዘ ድርድር ላይ ከኢንዴክስ 1 እስከ 4 ያለው ክልል ሲቆረጥ፣ መጨረሻው ስለማይካተት 20፣ 30 እና 40 ይገኛሉ፤ በቁራጩ መጀመሪያ ላይ 99 ቢጻፍ ዋናው ድርድር ራሱ 10፣ 99፣ 30፣ 40፣ 50 ይሆናል። እነዚያው አባላት ኢንዴክስ 1፣ 2 እና 3 ተብለው በዝርዝር ቢመረጡ ግን ዋናው አይነካም።

ልዩነቱ የሚመነጨው ከማህደረ ትውስታ አያያዝ ነው። በክልል የተቆረጠው የመነሻ አድራሻን፣ የአባላትን ብዛትና ከአንዱ ወደ ቀጣዩ የሚወስደውን እኩል እርምጃ በመመዝገብ ብቻ ስለሚገለጽ ናምፓይ በዋናው ላይ የተከፈተ እይታ ይሰጣል፤ በዝርዝር የተመረጡት ቦታዎች ግን በእኩል እርምጃ ላይሄዱ ስለሚችሉ ቁጥሮቹን መገልበጥ ግድ ይላል። እይታው ቁጠባ ቢመስልም መዘዝ አለው፤ እያንዳንዳቸው 8 ባይት ከሚይዙ 1,000,000 ቁጥሮች ላይ 10 ብቻ ቆርጦ ያስቀረ ሰው ቁራጩን እስከያዘ ድረስ 8,000,000ው ባይት አይለቀቅለትም።

በዝርዝር የተመረጠው ከመገልበጡ የሚወለድ ሌላ ስሕተት አለ። ሦስት ዜሮዎች በያዘ ድርድር ላይ 0፣ 0፣ 0 እና 2 የሚሉ ኢንዴክሶች ተሰጥተው 1 ቢደመር 3፣ 0፣ 1 ይጠበቃል፤ የሚገኘው ግን 1፣ 0፣ 1 ነው፤ ምክንያቱም ድምሩ የሚሠራው አስቀድሞ በተገለበጡት አራት ዜሮዎች ላይ ስለሆነ፣ ወደ አንዱ ቦታ ሦስት ጊዜ የሚመለሰው ያው 1 ነው። ለድግግሞሽ ቆጠራ የተዘጋጀው የናምፓይ ተግባር ቢንካውንት ግን ለእነዚሁ ኢንዴክሶች 3፣ 0፣ 1 ይመልሳል።